ድንኳን ተካዮቹ፦ በእድር በኩል የሰፈር ወጣቶችን መደገፍ እንዴት ይጀመራል?

ሰፈር ውስጥ ሰው ሲሞት ጥሩምባ ነፊው ይዞራል። ከዚያ ድንኳኑን ማን ይተክላል? አግዳሚ ወንበሩን ከእድር ቤት ማን ያወጣል? ብዙ ጊዜ ትምህርት ያቋረጡ፣ ሥራ ያጡ፣ ጥግ ላይ የሚውሉ ልጆች ናቸው። ሦስት ቀን ሙሉ እንጠራቸዋለን፣ እንልካቸዋለን፣ «ጎበዝ» እንላቸዋለን። ድንኳኑ ሲነሳ እንረሳቸዋለን። በሳምንቱ እነዚያው ልጆች «ዱርዬዎች» ይባላሉ።

ይህ መመሪያ ለእድር ኮሚቴዎችና «እኔ ምን ላድርግ?» ለሚሉ ጎረቤቶች ነው። አዲስ አበባን እያሰብኩ ነው የጻፍኩት፤ አዳማ ወይም ባሕር ዳር ላለ ሰውም ብዙው ይሠራል። ነገሩ ትንሽ ነው፦ 12 ወጣት፣ 6 ትልቅ ሰው፣ አንድ ክፍል፣ ሁለት ዓመት። መቶ ልጅ ለሦስት ወር ሰብስቦ ቲሸርት ማልበስ ሲደረግ አይቻለሁ። ቲሸርቱ ይቀራል፤ ልጆቹ ግን የሉም።

«እድር ለሞተ ነው እንጂ ለቆመ አይደለም» የሚል ሰው አይጠፋም። ግን በ1990ዎቹ ኤች አይ ቪ ቤት ለቤት ሲገባ ብዙ የአዲስ አበባ እድሮች ደንባቸውን አሻሽለው ለታመሙና ወላጅ ላጡ ሕፃናት እጃቸውን ዘርግተዋል። መንገዱ ከዚህ በፊት ተሄዶበታል።

1. ልጆቹን በእግራችሁ ዞራችሁ ፈልጉ

ኮሚቴ ወንበር ላይ ተቀምጦ ስም ሲያወጣ ሁለት ዓይነት ስም ይወጣል። አንደኛው የኮሚቴው ዘመድ ነው። ሁለተኛው ዓይን ውስጥ የሚገባው ነው፦ ሊስትሮው፣ ወያላው፣ ጀብሎው፣ ጥግ ላይ የሚቆመው። እነሱም ይገባቸዋል። ግን ከገጠር መጥታ ሰው ቤት የምትሠራ የ15 ዓመት ልጅ ጥግ ላይ አትቆምም። «አስተምራታለሁ» ተብላ አክስቷ ዘንድ መጥታ ሕፃን አዝላ የምትውለውም አትታይም።

ከዚህ ላይ የምንማረው አለ። በ1998 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ «ብሩህ ተስፋ» የሚባል ፕሮግራም ተጀምሮ ነበር። መርካቶ አካባቢ የሰፈሩ ሴቶች ራሳቸው ቤት ለቤት እየዞሩ ከትምህርት ውጭ የሆኑ ልጃገረዶችን ይመዘግቡ ነበር። የቤት ሠራተኛ የሆኑትን ለማግኘት አሠሪዎቻቸውን ያነጋግሩ ነበር። የሚሰበሰቡት በቀበሌ አዳራሽ ነበር። እነዚያ ልጆች ማስታወቂያ ቢለጠፍ አይመጡም ነበር። ብዙዎቹ ማንበብ አይችሉም፤ ለመውጣትም ፈቃድ ያስፈልጋቸዋል።

ስለዚህ ሁለት ሁለት ሆናችሁ ዙሩ። ከሁለቱ አንዷ ሴት ትሁን። ቅዳሜ ጠዋት ጥሩ ነው፤ ሰው ቤቱ አለ። «የተቸገረ ልጅ አላችሁ?» ብላችሁ አትጠይቁ። ይሉኝታ አለ፤ «የለም፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ተብላችሁ ትመለሳላችሁ። እንዲህ በሉ፦ «እዚህ ቤት ከ14 እስከ 22 ዓመት የሆነ ስንት ሰው አለ? ቀን ቀን ምን ይሠራሉ?» መልሱን ደብተር ላይ ጻፉ። አስተያየት አትስጡ።

አሠሪዋን ስታነጋግሩ ክስ አታስመስሉት። «እትዬ፣ እሑድ ከሰዓት ሁለት ሰዓት ብቻ ይልቀቁልን። ማንበብና ሒሳብ ትማራለች፤ የመድኃኒቱን ወረቀት ታነብልዎታለች፣ መልስም በትክክል ታመጣለች» በሉ። አንዳንዷ እሺ ትላለች። እምቢ ያለችውን በሌላ ሳምንት፣ ከምታከብራት ሰው ጋር ሂዱ። ቡና ሲፈላ ብትደርሱ ደግሞ ግማሹ ሥራ አልቋል።

ከ40 እስከ 50 ስም ይዛችሁ ትመለሳላችሁ። ከእነሱ 12 ምረጡ፤ ግማሾቹ ሴቶች ይሁኑ። ስትመርጡ ሦስት ነገር ተመልከቱ፦ የሚጠይቀው ትልቅ ሰው አለው ወይ? ከትምህርትም ከሥራም ውጭ ነው ወይ? ማታ የሚያድረው የት ነው? ሁለት መስፈርት ያሟላ ይገባል። 14 ዓመትና 22 ዓመት ግን አንድ ክበብ ውስጥ አይሆኑም፤ ለሁለት ክፈሏቸው።

አንድ ከባድ ነገር ልናገር። በረንዳ ማደር ከጀመረ ዓመታት ያለፉት፣ ማስቲሽ የሚስብ ልጅ ከእድር አቅም በላይ ነው። መጠለያ፣ ሕክምናና የሙሉ ጊዜ ባለሙያ ይፈልጋል። እሱን በጎዳና ልጆች ላይ ከሚሠሩ ድርጅቶች ጋር አገናኙት እንጂ በሳምንት ሁለት ሰዓት እንለውጠዋለን አትበሉ። የእናንተ ድርሻ ገና ቤት የሚያድረው፣ ግን እግሩ ወደ ጎዳና የጀመረው ነው። እዚያ ላይ ጎረቤት ከማንም ይበልጣል።

2. ስድስት ትልልቅ ሰዎች

ሐረሬ ከተማ ምባሬ በሚባል ሰፈር፣ ዚምባብዌያዊው የሥነ አእምሮ ሐኪም ዲክሰን ቺባንዳ እ.ኤ.አ. በ2006 አንድ ሥራ ጀመረ። በቂ ሐኪም አልነበረም፤ ገንዘብም አልነበረም። 14 አያቶችን አሠለጠነ። አያቶቹ ከጤና ጣቢያ ውጭ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው የተጨነቀውን ሰው ያዳምጣሉ፤ ችግሩን አንድ በአንድ እንዲፈታ ያግዙታል። ኋላ ላይ ውጤቱ በጥናት ተፈትሾ ተረጋግጧል። እኛ ደግሞ አግዳሚው በየእድር ቤቱ ተደርድሮ አለ፤ አያቶቹም አሉ።

ማንን ትመርጣላችሁ? ምክር የሚወደውን ሰው ተዉት። ልጆቹ ቀድሞውኑ የሚሄዱበትን ፈልጉ። መለያ ጥያቄ አለችኝ። አንዱን ልጅ «የሰው ገንዘብ ቢጠፋብህ መጀመሪያ ለማን ትነግራለህ?» በሉት። የሚጠራው ስም ያስገርማችኋል። ባለሱቋ ትሆናለች፣ ጡረታ የወጣ መምህር፣ ጎሚስታው። የእድሩ ሊቀመንበር ብዙ ጊዜ አይጠራም። (ሊቀመንበር ከሆናችሁ አትቀየሙ።)

አንድ ሰው ሁለት ልጅ ይይዛል። ሥራው ይኸው ነው፦ በሳምንት አንዴ በአካል ማግኘት፣ መሐል ላይ አንዴ መደወል፣ ቃል የገቡትን መፈጸም። ለሁለት ዓመት። «ለሁለት ዓመት አልችልም» ያለውን አመስግናችሁ ሸኙት። ስንት ሰው ጥሎት የሄደ ልጅ ላይ ሌላ ጥሎ ሂያጅ አትጨምሩበት።

አሁን ብዙ ሰው የሚያፍርበት ጉዳይ፦ ጥንቃቄ። «እንዴ፣ የሰፈራችን ሰው አይደል?» ይባላል። ልጅ የሚጎዳው ግን ብዙውን ጊዜ በሚታወቅ ሰው ነው። ስለዚህ የሚከተለው ተጽፎ፣ ስድስቱም ይፈርሙበት፦

— ከልጅ ጋር በር ዘግቶ ብቻ መቀመጥ የለም። ቤት ይዞ መሄድም የለም።
— ሴት ልጆችን የሚይዙት ሴቶች ናቸው።
— መላላክ ክልክል ነው። «እስቲ ሲጋራ ግዛልኝ፣ ልብሴን እጠቢልኝ» ከተጀመረ ፕሮግራሙ ነፃ ጉልበት ሆነ ማለት ነው። ይህቺ ሕግ ቀላል ትመስላለች፤ በየሳምንቱ የምትጣሰው ግን እሷ ናት።
— ገንዘብ ማበደር የለም፤ መበደርም የለም።
— ቅሬታ የምትቀበል፣ ከስድስቱ ውጭ የሆነች አንዲት ሴት ትሰየም። ስልኳ ለልጆቹ በሙሉ ይሰጥ።

ሰፈሩ ውስጥ አዲስ የሆነ ሰው ካለ የቀድሞ ሰፈሩ ሄዳችሁ ሁለት ሰው ጠይቁ። ለትዳር ሲሆን እስከ ሰባት ቤት እንጠይቅ የለ?

3. እድሩን ማሳመን፣ ገንዘቡን መለየት

ጠቅላላ ጉባኤው ላይ አንድ አባት ይነሳሉ። «ይህ ገንዘብ የቀብር ነው!» ይላሉ። ልክ ናቸው። የቀብር ገንዘብ አትንኩ። ሌላ መዝገብ ክፈቱ።

ሒሳቡን ሠርታችሁ ቅረቡ። 300 አባል ያለው እድር በወር 20 ብር ቢጨምር 6,000 ብር ነው። በዓመት 72,000። ይህ ለሻይና ዳቦ፣ ለትራንስፖርት፣ ለደብተር፣ ለመታወቂያ ፎቶ፣ ለጥቂት የሥልጠና ክፍያ ይውላል። ለደመወዝ አይሆንም፤ ደመወዝም የለም። «20 ብር ከበደኝ» ለሚል አባል ይቅርለት። የእሱ ልጅ ከ12ቱ አንዱ ሊሆን ይችላል።

ውሳኔው በቃለ ጉባኤ ይያዝ። ደንቡ ላይ አንድ አንቀጽ ይግባ። የባንክ ሂሳቡ ለብቻ ይሁን፤ ሦስት ሰው ይፈርምበት፤ ከሦስቱ አንዷ ሴት ትሁን። በየሦስት ወሩ ወጪው በወረቀት ተጽፎ እድር ቤቱ በር ላይ ይለጠፍ። ሐሜትን የሚገድለው የተለጠፈ ወረቀት ነው።

ዋሽንግተን ወይም ዱባይ ያሉ የሰፈር ልጆች «ምን እንላክ?» ይላሉ። አንድ ጊዜ ብዙ ከሚልኩ በየወሩ ትንሽ ቢልኩ ይሻላል። ለአንድ ልጅ የአንድ ዓመት የሥልጠና ክፍያ መሸፈን ጥሩ ልክ ነው። ገንዘቡ ወደ እድሩ ሂሳብ ይግባ እንጂ ወደ ማንም የግል ስልክ አይላክ። ለምን የልጁን ፎቶ እንደማትልኩላቸውም ቀድማችሁ አስረዷቸው። ምክንያቱን ወደ ኋላ እነግራችኋለሁ።

ሕጉስ? እድርና እቁብ በሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 አይገዙም። በእድር ውስጥ እስከሠራችሁ ድረስ እንደ ድርጅት ፈቃድ አውጡ አትባሉም። ከውጭ ድርጅት እርዳታ መቀበል ካማራችሁ ግን ነገሩ ይለያል፤ ያኔ የሕግ ሰው ጠይቁ። ወረዳውን ግን አትዝለሉት። ለወጣቶችና ስፖርት፣ ለሴቶችና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤቶች ደብዳቤ አስገቡ። ግልባጩ ላይ «ደርሷል» የሚል ማኅተም ይዛችሁ ውጡ። ማኅተሙ ኋላ መታወቂያ ስታስወጡ በር ይከፍታል።

4. የመጀመሪያዎቹ ስምንት ሳምንታት

ቦታው እድር ቤቱ ይሁን። ሰዓቱ እሑድ ከሰዓት፣ ሁሌ አንድ ዓይነት። ሁለቱም ሃይማኖቶች የማይጋጩበትን ሰዓት ልጆቹ ራሳቸው ይምረጡ።

በመጀመሪያው ቀን ንግግር አታድርጉ። «የነገ አገር ተረካቢ» የሚባለውን ሺህ ጊዜ ሰምተውታል። ሻይ አፍሉ። ዳቦ ቁረሱ። ስማቸውን ጠይቁ፤ ቅጽል ስማቸውን አይደለም፣ ዋናውን። ሰፈር ሁሉ በቅጽል የሚጠራው ልጅ አባቱ ያወጡለትን ስም ሲጠራ ፊቱን ተመልከቱ።

ስለ ምግብ አንድ ምክር፦ ሁሌ የጾም ይሁን። ሽሮ፣ ምስር፣ ዳቦ በሻይ። ሥጋ ከገባ «ማን አረደው?» ይመጣል፤ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ በሁለት ትሪ ይከፈላሉ። በጾም ምግብ ሁሉም ከአንድ ትሪ ይበላል። በረመዳን ደግሞ ሰዓቱን ወደ ማፍጠሪያ ግፉት። እንዲያውም ከዓመቱ ሁሉ ደስ የሚሉት ምሽቶች እነዚያ ናቸው።

ከሁለተኛው ሳምንት ጀምሮ ሁለት ሰዓቱን እንዲህ አድርጉት፦ ግማሽ ሰዓት ሻይና ወሬ፣ አንድ ሰዓት ትምህርት፣ ግማሽ ሰዓት ከየራሳቸው ትልቅ ሰው ጋር። ትምህርቱ ማንበብ ለማይችል ፊደል ነው። ለሚችል ሒሳብ፣ የስልክ አጠቃቀም፣ ስለ ሰውነት ለውጥ፣ ስለ ሕግ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋን ጋብዙ። ሴቶቹ ከወንዶቹ ተለይተው የሚያወሩበት ሳምንት ይኑር።

በሦስተኛው ሳምንት ገደማ የሚመጡት ይቀንሳሉ። አትደንግጡ። ለምን እንደቀሩ ሰው ላኩ፤ ግን በቁጣ አይደለም። «ዛሬ ቦታህ ባዶ ነበር» ማለት ይበቃል።

5. ወረቀት

ይህ አሰልቺ ክፍል ነው። ግን ከሁሉም ፈጥኖ ውጤት የሚያሳየው ይኸው ነው። ወረቀት የሌለው ልጅ ባንክ ሂሳብ አይከፍትም፣ ሥልጠና አይመዘገብም፣ ፖሊስ ሲይዘው ማን እንደሆነ የሚናገርለት የለም።

የልደት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ የእናንተ ወጣቶች አብዛኞቹ ሲወለዱ አልተመዘገቡም። ዘግይቶ ማስመዝገብ ይቻላል፤ ወረዳው የሚፈልገውን ማስረጃ ጠይቁና በአንድ ቀን የሁሉንም ይዛችሁ ሂዱ። ከዚያ ፋይዳ። ባንኮች ለአዲስ ሂሳብ ፋይዳ ይጠይቃሉ። ሰነድ ለሌለው ሰው በምስክር የመመዝገብ መንገድ አለ፤ ምስክሩ እናንተ ትሆናላችሁ። ወረፋው ላይ ልጁን ብቻውን አትላኩት። «ነገ ና» ሦስት ጊዜ ከተባለ አራተኛ አይሄድም። እኔንም አንድ ቢሮ አራት ቀን አመላልሶኛል፤ ጽሑፍ የምችል፣ ሸበቶ ሰው ሆኜ።

6. ሥራና ገንዘብ

እዚህ ላይ ሁሉም ይቸኩላል። «ብር ሰብስበን የሊስትሮ ዕቃ እንግዛላቸው» ይባላል። ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል። ዕቃው በወሩ ይሸጣል፤ ልጁም አፍሮ ይጠፋል። ዕቃ ከመግዛታችሁ በፊት ስድስት ወር ጠብቁ።

በእድሩ ውስጥ ስንት ባለሙያ አለ? ጋራዥ ያለው፣ ልብስ ሰፊ፣ ፀጉር አስተካካይ፣ ኤሌክትሪሻን፣ ዳቦ ቤት። ቁጠሯቸው። ከዚያ እያንዳንዱን «አንድ ልጅ ለስድስት ወር ይውሰዱልን» በሉት። ስምምነቱ በጽሑፍ ይሁን፦ ምን ይማራል፣ ስንት ሰዓት ይቆያል፣ ምሳና ትራንስፖርት ማን ይከፍላል። ያለዚያ ስድስት ወር ሙሉ ወለል ሲጠርግ ይከርማል።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ን እወቁ። ከ15 ዓመት በታች የሆነን ልጅ መቅጠር ክልክል ነው። ከ15 እስከ 18 ያለው «ወጣት ሠራተኛ» በቀን ከ7 ሰዓት በላይ አይሠራም። የትርፍ ሰዓት ሥራ፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ያለው የሌሊት ሥራ፣ በሳምንት ዕረፍትና በሕዝብ በዓላት ቀን መሥራት አይፈቀድም። ይህን ለባለ ጋራዡ በፈገግታ ንገሩት፤ ግን ንገሩት።

ቴክኒክና ሙያ መግባት የሚችል ይግባ። ሙያውን በእጁ የተማረውም የብቃት ምዘና፣ ሲኦሲ የሚባለውን፣ ተፈትኖ ወረቀት ሊይዝ ይችላል። ወረቀቱ ከጋራዡ ውጭ ያቆመዋል።

ቁጠባውን በእቁብ አስጀምሩ። 12ቱ በሳምንት 20 ብር ቢጥሉ ዕጣ የደረሰው 240 ብር ያነሳል። ትንሽ ናት። ግን ዳኛውን ራሳቸው ይመርጣሉ፣ ዋሱን ራሳቸው ይጠራሉ፣ የዘገየውን ራሳቸው ይቀጣሉ። እኛ ስለ ኃላፊነት አንድ ወር ብንሰብክ ይህን አናስተምርም። መጣል ያልቻለውን ልጅ ግን ትልቅ ሰው አይክፈልለት። ተነጋግረው ይፍቱት።

ገጠር የሆነ አንባቢ ካለ አንድ ምሳሌ ልጨምር። በ1996 ዓ.ም. በአማራ ክልል ሞሰቦ በሚባል ቀበሌ የተጀመረው «ብርሃን ሔዋን» ልጃገረዶች ያለ ዕድሜያቸው እንዳይዳሩ ለማድረግ የሞከረ ፕሮግራም ነው። ልጅቷ ሳታገባ ሁለት ዓመት ከቆየች ለቤተሰቡ በግ ይሰጥ ነበር። ከ10 እስከ 14 ዓመት ባሉት ላይ ለውጡ ትልቅ ነበር። ድጋፉ የቤተሰቡን ስሌት ነክቷል፤ የመጣውም በሁለት ዓመቱ መጨረሻ እንጂ በመጀመሪያው ቀን አይደለም።

7. ነገር ሲበላሽ

ይበላሻል። አንዱ ይጠፋል፣ አንዷ ታረግዛለች፣ አንዱ የእድሩን ብረት ድስት ይሸጣል። ቀድማችሁ ምን እንደምታደርጉ ተስማሙ።

የሰረቀ ልጅ ይቀጣል እንጂ አይባረርም። ቅጣቱን ከጓደኞቹ ጋር ተነጋገሩበት፤ ብዙ ጊዜ ከእናንተ ይልቅ እነሱ ይከብዳሉ።

ጫትና መጠጥ ያለበትን በአንድ ቀን ተው አትበሉት። ክፍሉ ውስጥ ግን አይገባም፤ ቅሞም ጠጥቶም አይመጣም። ራሱን ሊጎዳ የሚያስብ፣ ድምፅ የሚሰማ፣ እንቅልፍ ካጣ ሳምንት የሆነው ልጅ ካለ ጤና ጣቢያ ውሰዱት፤ ከዚያ ወደ አማኑኤል ሆስፒታል ሊልኩት ይችላሉ። ጸበሉን ቤተሰብ ከፈለገ አትከራከሩ። መድኃኒቱ ግን እንዳይቋረጥ ሙጭጭ በሉ።

ጥቃት ከሆነ ሽማግሌ አይገባበትም። ደግሜ ልበለው፦ የተደፈረ ልጅ ጉዳይ በእርቅ አያልቅም። የሰፈር ስም ይጠበቅ ተብሎ ልጅ አይቀበርም። ሳትታጠብ፣ ልብሷን ሳትቀይር፣ በዚያው ቀን ሆስፒታል ውሰዷት። አዲስ አበባ ውስጥ ጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል ሕክምናውን፣ ፖሊሱንና ምክሩን በአንድ ቦታ የሚሰጥ ማዕከል አለው። ኤች አይ ቪን የሚከላከለው መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፤ በቶሎ ሲሆን ይሻላል። የፖሊስ ስልክ 991 ነው። አብራት የምትሄደው እሷ የመረጠቻት ሴት ትሁን።

አሁን ስለ ፎቶው። ዳቦ ሲቀበል የተነሳ ልጅ ፎቶው ፌስቡክ ላይ ይወጣል፣ ከዚያ ቲክቶክ፣ ከዚያ የትምህርት ቤቱ የቴሌግራም ግሩፕ። በሃያ ዓመቱ ሥራ ሲጠይቅ «አንተ ያ ልጅ ነህ?» ይባላል። ፎቶ የለም። ሥራችሁን ማሳየት ከፈለጋችሁ ክፍሉን፣ አግዳሚውን፣ የሻይ ብርጭቆውን አንሱ።

8. ደብተሩ

አንድ ወፍራም ደብተር ይበቃል። ለእያንዳንዱ ልጅ ሁለት ገጽ፦ ሲጀምር የት ያድር ነበር፣ ምን ይሠራ ነበር፣ ምን ወረቀት ነበረው፣ ማን ይጠይቀዋል። በየስድስት ወሩ ያንኑ ጥያቄ ድገሙ። ከ12ቱ ስምንቱ ወረቀት ካወጡ፣ ስድስቱ ትምህርት ወይም ሥራ ላይ ካሉ፣ በጣም ጥሩ ሠርታችኋል። 12ቱም ተሳካላቸው የሚል ሪፖርት ካያችሁ ደብተሩን ማን እንደሞላው ጠይቁ።

ምስጢር የሆነው ደብተሩ ላይ አይጻፍ። ደብተሩ በቁልፍ ይቀመጥ፤ ቁልፉ ሁለት ሰው ጋ ይሁን።

ዓመቱ ሲሞላ ከ12ቱ ሁለቱ ኮሚቴው ውስጥ ይግቡ፤ በድምፅ፣ ለሻይ መቅጃ አይደለም። የሚቀጥለውን ዙር ቤት ለቤት የሚዞሩት እነሱ ይሆናሉ። የትኛው ቤት በር ሲንኳኳ ዝም እንደሚል ከእናንተ ይልቅ እነሱ ያውቃሉ።

ሰው ሞቶ ጥሩምባው ሲነፋም ድንኳኑን የሚተክሉት እነዚያው ልጆች ናቸው። ያን ቀን ግን በዋና ስማቸው ጥሯቸው። የሠሩበትንም እድሩ ይክፈላቸው፤ በተለየው መዝገብ ላይ «የጉልበት» ተብሎ ይጻፍ።